ግዝት የማይዘው ሰው

ቢቸና ውስጥ «እግዚአብሔር የለም» ብሎ መኖር ሰው እንደሚያስበው ከባድ አይደለም። ከባዱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ ለአንድ ግቢ ሰው ቧንቧ መክፈት ነው። ይህን ያልሁት ነገሩን ከመሐሉ ጀምሬ ለማደናገር አይደለም፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ስለሆነ ቀድሞ ከአፌ ወጣ እንጂ። ከሥሩ ልጀምር።

ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ታሪክ ማስተማሬን ትቼ፣ ስምንት ካርቶን መጽሐፍ ይዤ ወደ ተወለድሁባት ከተማ ተመለስሁና እትዬ ጠጄ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየሁ። በገባሁ በሳምንቴ እትዬ ጠጄ ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት እየላጡ ጠሩኝ።

«የንስሐ አባትህ ማን ናቸው?»

«የሉኝም።»

«ግድ የለም፣ እንፈልግልሃለን።»

«አይድከሙ እትዬ። እኔ አላምንም።»

«በማን? በቄስ ሞላ?»

«በእግዚአብሔር።»

ሽንኩርቱን ልጠው ጨረሱ። ሌላ አነሡ። እሱንም አጋመሱት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ለመሆኑ እሱ ያውቃል?» አሉኝ።

በጉዳዩ ላይ ብዙ አንብቤያለሁ። ክርክሩን ከነመልሱ፣ መልሱንም ከነመልሱ አውቀዋለሁ። ይህን ጥያቄ ግን ከስምንቱ ካርቶን በአንዱም አላገኘሁትም። እስካሁንም እየፈለግሁ ነው።

ስምምነታችን ቀላል ሆነ፤ በጾም ቀን በግቢው የፍስክ ሽታ አይነሣም። እኔም «ውጭ እበላለሁ» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ውጭ ስወጣ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፤ ምግብ ቤቱ ያለው ሽሮ ነው፤ «እንቁላልስ?» ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጇ ግድግዳው ላይ ያለውን የማርያም ሥዕል አይታ መልሳ እኔን አየችኝ። እነሆ አራት ዓመት ሙሉ ረቡዑን፣ ዓርቡን፣ ዐቢይ ጾሙን፣ ፍልሰታውን፣ የነቢያቱን አንድም ሳላዛንፍ ጾሜያለሁ። ከከተማዋ ዲያቆናት መካከል እንኳ እንዲህ የጠራ መዝገብ ያለው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እንግዲህ ወደ ቧንቧው።

ግቢው የሁለት እኅትማማቾች ነው። በግራ ታላቅየዋ እትዬ ጠጄ፣ በቀኝ ታናሽየዋ ውዴ፤ ውዴ አብራኝ ተምራለች፣ ስለዚህ እሷን አንቺ እላታለሁ። ቧንቧው ከመሐል ነው። እትዬ ጠጄ ልጅ አልወለዱም፤ የውዴን ልጅ ትብለጥን ግን ጡት ከማጥባት በቀር ያላደረጉላት ነገር የለም። ትብለጥ «ሁለት እናት አለኝ» ትላለች። የዘንድሮው ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ሰርጓ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ፤ ግቢውም በበርሜልና በጌሾ ተሞላ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውዴ የጠላውን በርሜል ታጥባለች፤ እጣቢው ቁልቁል ወርዶ ከእትዬ ጠጄ የጎመን መደብ ገባ።

«አንቺ! ጎመኔን አሰመጥሽው!»

«ውኃ አይደል እታለም፤ ይጠጣው።»

«የበርሜል እጣቢ?»

«ደግሞስ ዳሱ የሚተከለው እዚያው ላይ አይደል? መነቀሉ ላይቀር...»

እዚህ ላይ እትዬ ጠጄ ቆመው ቀሩ። ለካ ዳሱ ጎመናቸው ላይ እንደሚተከል የነገራቸው ሰው አልነበረም።

«የት ነው የሚተከለው?»

«እዚያው ነዋ። ለልጅሽ ሰርግ ጎመን ልትሰስቺ ነው?»

«ልጄ ብትሆንማ ታማክሪኝ ነበር!» አሉና፣ ነጠላቸውን አጥብቀው አስረው፣ ጣታቸውን ወደ ቧንቧው ቀስረው፣ የሠፈር ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቧንቧ የሚከፍት በቅዱስ ሚካኤል ተገዝቷል!»

ከወለጋ የተመደበው የሒሳብ መምህር፣ ጎረቤቴ ገመቹ፣ የጥርስ ሳሙና አረፋ ሞልቶት አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ የሚጉመጠመጥበት ውኃ ቧንቧው ውስጥ ነበር። ከሁሉ በላይ የደነገጡት ግን ራሳቸው እትዬ ጠጄ ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ግዝቱ «ውዴ» አላለም፤ «የሚከፍት» ነው ያለው። ቀን ከሌት ከሚከፍቱት መካከል ደግሞ አንደኛዋ እሳቸው ነበሩ።

ቄስ ጠርቶ ማስፈታት ነው እንዳትሉኝ። የሁለቱም የንስሐ አባት ቄስ ሞላ ናቸው፤ ቄስ ሞላ ደግሞ ዓምና በዶሮ ነገር ተማረዋል። እትዬ ጠጄ የጎረቤታችንን የአያ ደሴን አውራ ዶሮ «ከእንግዲህ እግሩን ወደ ግቢዬ ካነሣ» ብለው ገዝተውት ነበር። ዶሮው ግዝቱን አልሰማም፤ አያ ደሴ ግን ሰምተዋል። ዶሮዬ ይቀሠፍብኛል ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ በሣጥን ዘጉበት። ቄስ ሞላ ያንን ሲፈቱ፣ «ጠጄ፣ ሌላ ጊዜ ከተጣላሽው ሰው ጋር ታርቀሽ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ካልመጣችሁ በቀር አልፈታም» ብለው ምለዋል።

«ከሷ ጋር እጅ ለእጅ?» አሉ እትዬ ጠጄ። «በጥም ልሙት!»

«እኔ አልገዘትሁ፤ ምን ቤት ነኝ?» አለች ውዴ።

በአቅራቢያው ሌላ ቧንቧ ያለው አያ ደሴ ቤት ነው። ከዶሮው ወዲህ ከግቢያችን ጋር አይነጋገሩም። ሌላው ቦኖ ቁልቁለቱ ሥር ነው፤ ባዶውን ጀሪካን ለመውረድ አያስቸግርም፣ ሞልተው ሲወጡ ነው ሰው ዕድሜውን የሚያውቀው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በግቢው ምክክር ተያዘ። ማን ይክፈት? ዓይኑ ሁሉ መጀመሪያ ያረፈው ሰይድ ላይ ነው። ሰይድ የግቢው ተከራይ፣ የሞጣ ልጅ ነው፤ ነርስ ነው፤ ሙስሊም ነው።

«ሰይድዬ» አለች ውዴ፣ «አንተን እኮ አይመለከትህም።»

«እንዴት አይመለከተኝም? ሚካኤል የእኛም መልአክ ነው። ሚካኢል እንለዋለን። ዝናቡን የሚያዘው እሱ ነው ይባላል፤ በሌላ ነገር ቢሆን እሺ፣ በውኃ ጉዳይማ ከሱ ጋር አልጋፈጥም።»

ወደ ገመቹ ዞሩ። ገመቹ ጴንጤ ነው።

«እኛ ግዝት አንቀበልም» አለ ገመቹ ደረቱን ነፍቶ። ሁላችንም ተስፋ አደረግን። «ግን ሚካኤል ትንቢተ ዳንኤል ላይ አለ። ደግሞ አዲስ ተመዳቢ ነኝ፤ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ አለማመኔ ለማንም አንዲት ጥቅም ሰጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ተፈለገ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ አእምሮ ነጻነት አጭር ንግግር ጀመርሁ።

«መምህር፣ እሱን በኋላ» አሉኝ እትዬ ጠጄ። «ሽሮዬ እያረረ ነው።»

ወደ ቧንቧው ሄድሁ። ሰዉ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሰይድ የድንገተኛ ሕክምና ቦርሳውን ይዞ ነበር። ከፈትሁት። ውኃው መጣ። ሁሉም ሰማዩን አየ፤ ከዚያ እኔን። ምንም አልሆንሁም።

«ሚካኤል ታጋሽ ነው» አለች ውዴ፣ ጀሪካኗን እየደቀነች።

በመጀመሪያው ቀን ክብር ነበር። በሦስተኛው ቀን ምን ውስጥ እንደገባሁ ገባኝ። የተገዘተው መክፈት ነው፤ መዝጋት ለማንም ተፈቅዷል፤ መቅዳትም እንደዚሁ። ስለዚህ አንዱ ቀድቶ ይዘጋል፤ ሌላው መጥቶ «መምህር! ክፈትልን!» ይላል። አንድ ገጽ አንብቤ አልጨርስም። እንደተከፈተ ይዋል ብል ውኃው ወደ ጎመኑ ይሄዳል፤ እትዬ ጠጄ ቤቱን በጩኸት ያፈርሱታል። እጀታው ላይ ሲባጎ አስሬ «ሳትነኩ ከሩቅ ጎትቱት» ብዬ ነበር። ሲባጎ መጎተት መክፈት ነው አይደለም በሚል ግማሽ ቀን ተከራክረው፣ ነው ተባለና ሲባጎውን ፈትተው የጌሾ ማሰሪያ አደረጉት። የሥራ ሰዓት ጽፌ በሬ ላይ ለጠፍሁ፤ ከሥሩ አንድ ሰው በእርሳስ «እሑድስ?» ብሎ ጻፈበት።

በአገሩ ግዝት የማይዘው ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ፤ ከቤቱ ሁለት መቶ ሜትር መራቅ የማይችለውም እኔው ሆንሁ። መነኩሴ እንኳ ከበዓቱ ወጥቶ ገበያ ይሄዳል።

ወሬው ወጣ። ባሏ ኳስ እንዳያይ የቴሌቪዥኑን ሪሞት የገዘተች ሴት ነበረች፤ ባልየው ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ባጃጅ ይልክብኝ ጀመር። ሄጄ አንዲት ቁልፍ ተጭኜ እመለሳለሁ። አንዳንዴ በእረፍት ሰዓት ያጠፉትና ድጋሚ ይልካሉ። ሚስትየዋ በር ላይ ስንገናኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ወይ እመን ወይ ኳስ ተማር» አለችኝ።

በዚህ ሁሉ መሐል ሁለቱ እኅትማማቾች አይነጋገሩም። አንዷ ስትቀዳ ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንድ ቀን ትብለጥ ጀሪካን ይዛ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።»

ከፈትሁላት። «ምን ሆነሻል?»

«እማ ጠጄ ዳሱ ውስጥ እግሬን አላነሣም አለች። እሷ ካልመረቀችኝ እኔ ከቤት አልወጣም። ሽማግሌ ቢላክም ሁለቱም እምቢ አሉ።» ጀሪካኑ ሞላ፤ ዘጋችው። «ቢያንስ ውኃ አላጣንም፤ ዕድሜ ለርስዎ።»

ሙገሳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ያነበብሁት ሁሉ ያን ቀን የት እንደነበረ አላውቅም።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሞጣ ለሰይድ ተደወለ። አጎቱ እዚያ ሱቅ አላቸው፤ ከሱቃቸው ጎን ሁለት ወንድማማቾች የጋራ ወፍጮ ነበራቸው። ተጣልተው ታላቁ «ማብሪያውን የሚነካ በጊዮርጊስ ተገዝቷል» ብሎ ሄዶ፣ ወፍጮው ቆሟል፤ ጆንያው እስከ ሱቁ በር ተደርድሮ ደንበኛ መግቢያ አጥቷል። «ያ ሰውዬ ይምጣልን» አሉ አጎትየው።

በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ዝናዬ ወረዳ መሻገሩ ራሴን አዙሮት ስለነበር፣ ከመውጣቴ በፊት የግቢውን ቧንቧ መክፈቱን ረሳሁት።

ሞጣ ስደርስ የወንድማማቾቹ እናት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ጠበቁኝ። አህያ ያሰረው ሁሉ ከበበን። ፈተናው የቃል ነበር።

«አንተ ነህ የማታምነው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ጊዮርጊስንም?»

«ጊዮርጊስንም።»

«ማርያምንም?»

«...ማርያምንም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምን አድርጋህ ነው ልጄ?»

«ኧረ ምንም አላደረገችኝም።»

«ምንም ሳታደርግህ?!»

እሳቸውም ለቀዶ ሕክምና እንደሚገባ ሰው ክንዴን ዳበሱኝ፤ «ሻማ አበራልሃለሁ» አሉኝ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው፣ «በል እንግዲህ፣ ካላመንህ አይቀር ቶሎ በል፤ እህሉ ተከምሯል» አሉ።

ማብሪያውን ተጫንሁ። ወፍጮው አጓራ። እልልታው ቀለጠ። «እግዚአብሔር የላከልን ሰው!» እያሉ ጉልበቴን ሊስሙ ሲመጡ ላርማቸው አፌን ከፈትሁ፤ ወፍጮው ጩኸቱ ኃይለኛ ነበር፣ አፌም በዱቄት ተሞልቶ ተዘጋ።

በመልስ ጉዞ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈነዳ። ቢቸና የገባሁት ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ከቅንድቤ እስከ ጫማዬ ዱቄት ለብሼ።

የግቢውን በር ስገፋ እትዬ ጠጄና ውዴ አንድ የጭቃ መቀመጫ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባዶ ጀሪካኖቻቸው ከፊታቸው። የእትዬ ጠጄ ከንፈር ደርቋል። ውዴ አንዲት ብርቱካን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ታቀብላቸዋለች። እትዬ ጠጄ «እንግዲህ ነገ ጠዋት...» ሲሉ ሰማሁ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ! አስጠማኋችሁ!» ብዬ ሮጥሁና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት።

ውኃውን አዩት። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ውዴ ጀሪካኗን ሞልታ ወደ ቀኝ፣ እትዬ ጠጄ ጀሪካናቸውን ሞልተው ወደ ግራ። ግማሽ ብርቱካኗ መደቡ ላይ ቀረች። እኔ በላኋት፤ ደክሞኝ ነበር።

በማግሥቱ ቄስ ሞላ ራሳቸው ክፍሌ ድረስ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም፤ መደርደሪያዬን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይህ ሁሉ መጽሐፍ ‹የለም› ለማለት ነው?»

«ግማሹ ነው አባ። ግማሹ ታሪክ ነው።»

«ለሌለ ነገር ብዙ ደከማችሁ።» አሁን ተቀመጡ። «መምህር፣ ልለምንህ ነው የመጣሁት። ያን ቧንቧ አትክፈት።»

«አባ፣ እኔ በግዝት አላምንም እኮ።»

«መች እመን አልሁህ? ፍራ ነው ያልሁህ።»

«የማላምንበትን እንዴት እፈራለሁ?»

«እኔ የሚያምኑትን የማይፈሩ ስንት የንስሐ ልጆች አሉኝ። አንተ የማታምነውን ፈርተህ ብታካክስልኝ ምን አለበት?»

መልስ ሳዘጋጅ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ቆጠሩልኝ። «ትናንት ጠዋት ውኃ አጡ። ስድስት ሰዓት ላይ ተያዩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ መደብ ላይ ተቀመጡ። ዐሥር ሰዓት ላይ ‹ነገ አብረን ወደ ቄስ ሞላ እንሂድ› ተባባሉ። ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንተ መጣህ።»

ብርቱካኗ ትዝ አለችኝ። ጆሮዬ ጋለ።

«ስንት ዓመት ሰው አስታርቄያለሁ፤ ጥምን የሚያህል ሽማግሌ ግን አላየሁም። እኔ እሱን ልኬ እቤቴ ስጠብቅ፣ አንተ ውኃ እያጠጣህ ትሸኝብኛለህ።»

«ብተው ግን ‹አመነ› ይሉኛል።»

«ይበሉህ።»

«አባ፣ አራት ዓመት ያቆየሁት ስም ነው።»

«የቱ? ከሃዲ የሚለው?»

«...እሱ።»

ቄስ ሞላ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ሲወጡ ግን ሳይስቁ፣ «ልጅቷ ሳትመረቅ ልትሄድ ነው፤ ወይም ጭራሽ ላትሄድ። አንተ ስምህን ያዝ እንግዲህ» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ከስሜ ጋር ተቀመጥሁ። እንደ ሰው ወግ ሊያወራኝ አልቻለም።

በማግሥቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሁሉም ጀሪካን ይዞ ሲጠብቅ ወጣሁ። ወደ ቧንቧው ሄድሁ። እጄን ዘረጋሁ። አየር ላይ አቆምሁት። አንቀጠቀጥሁት። የትወና ልምድ የለኝም፤ ሰይድ በኋላ እንደነገረኝ ስኳሬ የወረደ መስሎት ነበር።

«ምን ሆንህ?» አለች ውዴ።

«አልችልም።»

«ምኑን?»

«ፈራሁ።»

እትዬ ጠጄ ጀሪካናቸውን ጥለው እልል አሉ! ውዴ ተከተለች። አያ ደሴ ከአጥራቸው ማዶ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ። ገመቹ እንኳ «ሃሌ ሉያ» ብሎ ወዲያው የሙከራ ጊዜው ትዝ ብሎት ዝም አለ።

«ለካ ሚካኤል ያናገረኝ አንተን ለመመለስ ነው!» አሉ እትዬ ጠጄ እያለቀሱ።

ይህን አላሰብሁበትም። በግዝታቸው ያፍሩ የነበሩት ሴትዮ አሁን ኮሩበት። ስልካቸውን አውጥተው አምበር ላለች የአክስታቸው ልጅ ደወሉ፤ ሮብ ገበያ ከተማ ላለ ወንድማቸው ደወሉ፤ «ቄሱ ያቃታቸውን በአንድ ቃል!» እያሉ። ኩራት ግን አይጠጣም። በመጀመሪያው ቀን ማታ ድምፃቸው ሻከረ። በሁለተኛው ቀን ትብለጥ በበርሜሎቹ መሐል ቁጭ ብላ ጌሾውን አየችው፤ ጌሾውም እሷን አያት። ሰይድ ከሶላት በፊት ለሚታጠበው ውዱእ ከሥራ ቦታው በጠርሙስ ውኃ ይዞ ይገባ ጀመር። ገላውን ያልታጠበው ገመቹ ሒሳቡን ከሰሌዳው ሥር ሆኖ ማስተማሩን ትቶ በር ላይ ቆሞ ማስተማር ጀመረ፤ የፊት ወንበር ተማሪዎች የጠየቁት ነው። እኔ ደግሞ ጥሜን በሁለት መንገድ ነበር የቻልሁት፤ እንደተጠማ ሰውና እንደ አማኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ውዴ ድንጋይ ተሸክማ ከቤቷ ወጣች። አገሩ እንዲህ ነው የሚታረቀው፤ ታናሽ ድንጋይ ተሸክሞ ከታላቅ እግር ሥር ይወድቃል። ቄስ ሞላ ተጠርተው መጥተዋል። ውዴ ጎንበስ አለች።

«እታለም፣ ሳላማክርሽ የዳስ ቦታ ቆረጥሁ። ማሪኝ።»

እትዬ ጠጄ ዝቅ ብለው ድንጋዩን አዩት። አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ድንጋይ የጎመን መደቤ ጠርዝ አይደለም?»

ቄስ ሞላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትብለጥ ነጠላዋን ነከሰች። እኔ፣ ማንን እንደሆነ አላውቅም፣ ለመንሁ።

«ቅርብ ያገኘሁት እሱን ነው...» አለች ውዴ ከድንጋዩ ሥር።

እትዬ ጠጄ ፊታቸው ተኮሳተረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቅ ፈንድቶ አመለጣቸው። ድንጋዩን ከትከሻዋ ወርውረው እኅታቸውን አቀፉ። «አንቺ ሌባ! ጥማችን ሊገድለን ነው፤ ተነሽ!»

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አውጥተው ግዝቱን ፈቱ። እትዬ ጠጄን፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ።» ውዴን፣ ትብለጥን። ሰይድ «አባ፣ እኔ አልነካሁም፤ ግን ለጥንቃቄ» አለ፤ «ግቢውን በሙሉ» ብለው በእጃቸው ከበቡለት፣ ገመቹም በዚያው ውስጥ ገባ። በመጨረሻ መስቀሉ ፊቴ መጣ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብስመው ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን ሦስት ቀን አማኝ መሆን ሰልችቶኝ ነበር።

«አባ» አልሁ ጮክ ብዬ፣ «እኔ አልታሰርሁም፤ ስለዚህ አልፈታም። ፍርሃቱ ለዕርቁ ብዬ ያስመሰልሁት ነው። አሁንም አላምንም።»

ቄስ ሞላ አዩኝና መስቀሉን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ልክ ነህ። ያልታሰረን መፍታት አልችልም» አሉ። ዓይናቸው ላይ የነበረውን ሳቅ ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም።

ሰርጉ ሆነ። ጎመኑን እትዬ ጠጄ በገዛ እጃቸው ነቅለው ዳሱን አስተከሉበት። ትብለጥን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ሲመርቋት ቃላቸው እያለቀ እንደገና ከ«ውለጅ፣ ክበጅ» ይጀምሩ ነበር፤ ሙሽራው ሦስት ጊዜ «አሜን፣ እንሂድ» አለ። እኔን ከቄሶቹ ጎን አስቀመጡኝ። «አላምንም» ስላቸው «እሺ፣ ብላ» ይሉኝ ነበር።

እስከዚያ ውኃዬን ከሰርግ ቤቱ በርሜል ስቀዳ ሰንብቼ ነበር። በሰርጉ ማግሥት ጠዋት፣ ስንት ሳምንት ለሰው ስከፍት የኖርሁ ሰው፣ ለራሴ ልቀዳ ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ። እጄ እጀታው ላይ ሊያርፍ ሲል ከመስኮት ጩኸት መጣ።

«ኧረ በሚካኤል! እንዳትነካ!»

«ምነው እትዬ?»

«አንተ አልተፈታህማ! ሁላችን ተፈታን፣ አንተ እምቢ አልህ!»

«ስንት ሳምንት ስከፍት አልነበር?»

«ያኔ አታምንም ነበር። ኋላ ግን ፈርተሃል፤ እጅህ ሲንቀጠቀጥ በዓይናችን አይተናል።»

«ያስመሰልሁት ነው አልኋችሁ እኮ!»

«አፍረህ ነው ልጄ፣ ይገባናል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለራስህ ባትፈራ ለልጅቷ ፍራ። ትናንት የቆመ ትዳር ነው።»

ለትብለጥ ብዬ እጄን ሰብስቤ ቄስ ሞላ ዘንድ ሄድሁ። «ቀላል ነው» አሉኝ፤ «አንድ ጊዜ መስቀሉን ትስማለህ፣ እፈታሃለሁ።» እኔም ያልታሰርሁ ሰው ነኝና እምቢ አልሁ። እሳቸው አይቸኩሉም። እኔም አልቸኩልም። ሳገኛቸው «ጠማህ?» ይሉኛል።

ይህን ስጽፍ ክረምቱ ገብቷል፤ ትብለጥ ወደ ባሏ ቤት ከሄደች ሰንብታለች፤ ጎመኑም እንደገና በቅሏል። በየጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጀሪካኔን ይዤ ቧንቧው አጠገብ እቆማለሁ፤ ያለፈ ያገደመውን፣ «ሰይድ፣ እባክህ ክፈትልኝ» እላለሁ። ሰይድ ከሌለ ገመቹን። ገመቹ ከሌለ አያ ደሴን፤ ታርቀዋልና ዶሯቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ይከፍቱልኛል፤ እቀዳለሁ።

መዝጋት ግን አልተከለከልሁም።